የአየር ግፊት ልክና በተቆጣጣሪው ፊት የሚታየው ከፍታ
(ማኅበራችን ወደ አንኮበር ባደረገው ዓመታዊ የጉብኝት ጉዞ፣ በጎረቤላ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ጧት ከደብረ ብርሃን ተነሥተን እዚህ ጎረቤላ እንደ ደረስን፣ ልክ በ4 ሰዓት፣ ከዚህ ጠረጴዛ ላይ አንዲት ትንሽ የከፍታ መለኪያ አስቀምጬ መርፌዋን ዜሮ ላይ አቁሜያታለሁ። ከፊት ወንበር የተቀመጡት አንጋፋው ባልደረባችን ጠባቂ እንዲሆኑልኝ ለምኛቸው፣ እርሳቸውም ሰዓቱንና ቁጥሩን በማስታወሻቸው ጽፈው ይዘዋል። ጠረጴዛው ከቦታው እንዳይነቃነቅ፣ መለኪያዋንም ማንም እንዳይነካት አደራ ብያለሁ። የምሳ ሰዓት ስለ ነበረ የሻይ ብርጭቆ ያስጠጋባት እንዳለ አይቻለሁ፤ እርሱ ግን አይጎዳም። በንግግሬ መጨረሻ እመለስባታለሁ።

እኔ የተወለድሁት እዚሁ ነው። የአንኮበር ልጅ ከፍታን የሚያውቀው በጉልበቱ ነው። ከአልዩ አምባ ገበያ ሽቅብ የወጣ ሰው በላብ ተጠምቆ እዚህ ሲደርስ ጋቢ ይፈልጋል። በክረምት ጧት ከገደሉ አፋፍ ላይ ቆመን ደመናውን ቁልቁል እናየው ነበር፤ ከበታቻችን ተኝቶ፣ የአዋሽን ቆላ ሸፍኖ። እናቴ የባቄላ ንፍሮ ስትጥድ እሳቱ እንደ ቆላ እሳት አይደለም እያለች ታማርር ነበር። በእውነቱ ጥፋቱ የእሳቱ አልነበረም። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ከሩብ በላይ ስለሚጎድል፣ ውሃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላና ከዚያ በላይ አይሞቅም። ባቄላው የሚዘገየው ስለዚህ ነው።

ይህንኑ የውሃ ጠባይ እንደ ሜትር የተጠቀሙበት ሰዎች ወደ አገራችን መጥተው ያውቃሉ። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. ከ1837 እስከ 1848 በኢትዮጵያ ሲዘዋወር ውሃ እያፈላ፣ የፈላበትን ሙቀት በቴርሞሜትር እያነበበ የተራሮቻችንን ከፍታ ያሰላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1876 ወደ ሸዋ የገባው የአንቲኖሪ ጓድም በምኒልክ ፈቃድ እዚህ አንኮበር አቅራቢያ የኢጣልያ የጂኦግራፊ ማኅበር ጣቢያ አቋቁሞ ነበር። ከእነርሱ ሁሉ አስቀድሞ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1648 የብሌዝ ፓስካል የእኅት ባል የሜርኩሪ ቱቦ ተሸክሞ ፑይ ደ ዶም የሚባለውን የፈረንሳይ ተራራ ወጣ፤ ሌላ ቱቦ ከታች ተትቶ በሰው ይጠበቅ ነበር። ተራራው ላይ የሜርኩሪው ዓምድ አጥሮ ተገኘ። ዛሬ የግፊት መለኪያ የሆነው ሄክቶፓስካል ስሙን ያገኘው ከዚሁ ፓስካል ነው፤ የቀድሞው ሚሊባርም መጠኑ ከእርሱ ጋር አንድ ነው። የፓስካልን ዘመድ ሥራ ስታስቡ ከታች የቀረውን ቱቦ አትርሱብኝ፤ የዛሬው ነገሬ ያለው ከላይ ከወጣው ይልቅ ከታች በቀረው ላይ ነው።

በአውሮፕላን ውስጥ ያለው የከፍታ መለኪያ ከፍታን አያውቅም። የሚያውቀው ግፊትን ብቻ ነው። በውስጡ አየሩ ተመጦ የታሸገ ስስ የብረት ከረጢት አለ፤ በዙሪያው ያለው ግፊት ሲቀንስ ያብጣል፣ ሲጨምር ይኮማተራል፤ ይህን እንቅስቃሴ ጥርስና ዘንግ ወደ መርፌ ያደርሱታል። በዘመናዊው አውሮፕላን ጥርሱና ዘንጉ በኮምፒዩተር ተተክተዋል፣ ነገሩ ግን ያው ነው። ግፊቱን ወደ ጫማ ለመለወጥ አንድ የስምምነት ሠንጠረዥ ያስፈልጋል። ይህ ሠንጠረዥ መደበኛ አየር የሚባለው ሲሆን፣ በባሕር ወለል ላይ ግፊቱ 1013.25 ሄክቶፓስካል፣ ሙቀቱ 15 ዲግሪ፣ ሙቀቱም በየ1,000 ሜትሩ በ6.5 ዲግሪ የሚቀንስ ነው ብሎ ይደነግጋል። እንዲህ ያለ አየር በተጠና ሠንጠረዥ ውስጥ እንጂ በአንድም አገር ሰማይ ላይ በትክክል አይገኝም።

ስለዚህ ለመለኪያው የዕለቱን ግፊት የሚነግሩበት ትንሽ ቁልፍ ተሠራለት። ፖል ኮልስማን በሠራው ትክክለኛ መለኪያ ጂሚ ዱሊትል እ.ኤ.አ. መስከረም 24 ቀን 1929 ከመቀመጫው ውጭ ምንም ሳያይ፣ በመሣሪያ ብቻ ተነሥቶ፣ በርሮ አርፏል። ከዚያ ወዲህ አብራሪው ቁልፉን በሦስት ልክ ያዞረዋል። የአየር ማረፊያውን የራሱን ግፊት ከሰጠው መርፌው በመንደርደሪያው ላይ ዜሮ ያሳያል፤ እኔ ዛሬ ጧት በዚህች መለኪያ ላይ ያደረግሁት ይህንን ነው። ኪው ኤን ኤች የሚባለውን ከሰጠው በመንደርደሪያው ላይ የቦታውን ከባሕር ወለል በላይ ያለ ከፍታ ያሳያል። ከተወሰነ ከፍታ በላይ ደግሞ ሁሉም አውሮፕላኖች 1013ን ይዘው፣ በየበረራ ደረጃቸው ይጓዛሉ።

አሁን ወደ ቦሌ ልመልሳችሁ። የቦሌ መንደርደሪያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ገደማ፣ በጫማ ቢሉት ከ7,600 በላይ ነው። ሠንጠረዡ በዚህ ከፍታ ላይ ሙቀቱ ዜሮ ዲግሪ ገደማ፣ ግፊቱ 762 ሄክቶፓስካል ነው ይላል። አዲስ አበባ ግን፣ እንደምታውቁት፣ ዜሮ ዲግሪ አይደለችም። አየራችን ከሠንጠረዡ በ15 ዲግሪ ያህል ይሞቃል፤ የሞቀ አየር ሳሳ ያለ ስለሆነ ሽቅብ ሲወጡ ግፊቱ የሚቀንሰው በዝግታ ነው። በዚህ ምክንያት በቦሌ የሚለካው ግፊት 772 አካባቢ ይሆናል። የዕለቱን ኪው ኤን ኤች ሲያሰሉት 1026 ወይም ወደዚያ የሚጠጋ ቁጥር ይወጣል። ከውጭ አገር አዲስ የመጣ አብራሪ ይህን ቁጥር ሲሰማ በአዲስ አበባ ላይ ትልቅ የግፊት ክምችት ያለ ይመስለዋል። የለም፤ በባሕር ወለል ያለው ግፊት ከመደበኛው ብዙም አይርቅም፤ ቁጥሩን ከፍ የሚያደርገው የሙቀታችንና የከፍታችን ድምር ነው።

በመለኪያው ላይ 1 ሄክቶፓስካል ማለት 27 ጫማ ያህል ነው። ስለዚህ በ1026ና በ1013 መካከል ያለው የ13 ልዩነት 350 ጫማ ይሆናል። አንድ አውሮፕላን በቦሌ መንደርደሪያ ላይ ቆሞ መለኪያው 1013 ላይ ቢቀር፣ መርፌው አውሮፕላኑን ከመሬት በታች 350 ጫማ ቀብሮ ያሳያል። ይህ ልዩነት ጧትና ማታ ጥቂት ከፍ ዝቅ ከማለቱ በቀር በየዕለቱ በአንድ ወገን ነው። በሰሜን አውሮፓ የሚሠራ ባልደረባችን አንድ ቀን 980፣ በሌላው ሳምንት 1035 እያየ ይኖራል፤ እኛ ዘንድ ያለው ፈተና ሌላ ነው፣ ይኸውም መለመድ ነው።

ስለ ብርድም አንድ ቃል ልጨምር፤ ትናንት ማታ ደብረ ብርሃን ላይ በብርድ ስትንቀጠቀጡ አይቻችኋለሁና። ብርድ አየር የመለኪያ ጠላት ነው ተብሎ ይማሩታል። እውነት ነው፤ አየሩ ከሠንጠረዡ በ10 ዲግሪ ከቀዘቀዘ አውሮፕላኑ ከመለኪያው ጣቢያ በላይ ያለው ቁመት ከሚታየው 4 በመቶ ያህል ያንሳል። ነገር ግን ሠንጠረዡ 2,840 ሜትር ላይ ላለችው ለደብረ ብርሃን የሚመድብላት ሙቀት ከዜሮ በታች 3.5 ዲግሪ ነው! እኛ ብርድ የምንለው፣ ሁለት ጋቢ የምንደርብበት ሌሊት፣ ለሠንጠረዡ ሙቀት ነው። ስለዚህ በእኛ ተራሮች ላይ አውሮፕላኑ ዘወትር ከሚያሳየው ጥቂት ከፍ ብሎ ይገኛል። ይህ የተፈጥሮ ስጦታ ነው፤ የምንመካበት ግን አይደለም፣ ምክንያቱም የተሳሳተ ቁጥር በአንዲት ሴኮንድ ይበላዋል።

ከዚህ በኋላ ያለው የተቆጣጣሪው ጉዳይ ነው፤ ብዙ ጊዜም በባልደረቦቼ ዘንድ የማገኘው ስሕተት እዚህ ላይ ነው። ብዙዎች አብራሪው ቁልፉን ሲያዞር በሬዳር ስክሪን ላይ የሚታየውም ቁጥር አብሮ የሚዞር ይመስላቸዋል። አይዞርም። በአውሮፕላኑ ላይ ያለው ትራንስፖንደር ወደ መሬት የሚልከው ሁልጊዜ በ1013.25 የተሰላውን ከፍታ ነው፤ አብራሪው ቁልፉን የትም ላይ ቢተወው ለትራንስፖንደሩ ጉዳዩ አይደለም። ይህ በብልሃት የተደረገ ነው፤ ከየአውሮፕላኑ የሚመጣው ቁጥር በአንድ ሜትር የተለካ እንዲሆን። ከመሸጋገሪያው ደረጃ በታች ላሉት አውሮፕላኖች ኪው ኤን ኤችን የሚደምረው በመሬት ላይ ያለው ኮምፒዩተር ነው። እንግዲህ ተቆጣጣሪው የሚያየው ቁጥር ሁለት አባት አለው፤ አንዱ በሰማይ ያለው ከረጢት፣ ሁለተኛው በመሬት ላይ በኮምፒዩተሩ ውስጥ የተጻፈው የዕለቱ ግፊት።

ከዚህ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይወለዳል። የመጀመሪያው የአብራሪው ነው። ከቦሌ ተነሥቶ በ1026 እየወጣ ቁልፉን ወደ 1013 ማዞር ቢረሳ፣ መርፌው 15,000 ጫማ ሲያሳየው በእውነቱ ያለው በ14,650 ደረጃ ላይ ነው። ትራንስፖንደሩ ግን አይረሳምና ተቆጣጣሪው በስክሪኑ ላይ 146 ወይም 147 ያያል። የሚፈቀደው ልዩነት 300 ጫማ ስለሆነ ይጠይቀዋል፤ ስሕተቱም ይታረማል። ይህ ዓይነቱ ስሕተት በአንድ አውሮፕላን ላይ ብቻ ስለሚደርስ ከጎረቤቶቹ ተለይቶ ይታያል።

ሁለተኛው የመሬቱ ስሕተት ነው። ስለዚህ የምነግራችሁ በራሴ ላይ የደረሰውን ነው፤ የሥራውን ቦታ ስም አልጠራም። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ባለ አንድ አየር ማረፊያ የስክሪኑን ሥርዓት ሌሊት አጥፍተን ጠግነን ልናስነሣ ተረኛው መሐንዲስ እኔ ነበርሁ። ከሚቲዎሮሎጂ በቀጥታ የሚመጣው መስመር ገና ስላልተቀጠለ ግፊቱን በእጅ ማስገባት ነበረብኝ። በእጅ ከተጻፈ ወረቀት ላይ 1028ን 1018 ብዬ አነበብሁና አስገባሁት። ያ 2 ቁጥር ከላይ መታጠፊያ የሌለው ነበር እያልሁ ለራሴ ብዙ ጊዜ ተከራክሬያለሁ፤ ወረቀቱን በኋላ ሳየው ግን 2 ነው፣ ማንም ያነበዋል። ሌሊት 9 ሰዓት ነበርና ደክሞኝ ነበር።

ውጤቱ ምን ሆነ? ከመሸጋገሪያው ደረጃ በታች ያሉት አውሮፕላኖች በሙሉ በስክሪኑ ላይ 270 ጫማ ወረዱ። ቁጥሩን አስተውሉልኝ፤ 270 ከ300 ያንሳል። በ11,000 ላይ ያለው 10,700 ሆኖ ታየ፤ አብራሪው 11,000 ነኝ ይላል፤ ልዩነቱ ከሚፈቀደው ውስጥ ስለሆነ የሚጠይቅ የለም። አውሮፕላኖቹ ሁሉ እኩል ስለ ወረዱ በመካከላቸው ያለው ርቀት አልተለወጠም። አንድ ሰው ብቻውን ሲያነክስ ይታያል፤ ሁሉም በአንድነት ቢያነክሱ ሰልፉ ቀና ይመስላል። ያልወረዱት ተራሮቹ ብቻ ነበሩ።

ነገሩን ያገኘችው አንዲት ተቆጣጣሪ ናት። ሊያርፍ የተቃረበ አውሮፕላን ከመንደርደሪያው ጫፍ ላይ ሲደርስ ከመንደርደሪያው 200 ጫማ በታች ሆኖ አየችውና ጠርታ ጠየቀችኝ። እኔ ምን አልኋት? «የአውሮፕላኑ ትራንስፖንደር ተበላሽቶ ይሆናል» አልኋት። ይህን በማለቴ እስከ ዛሬ አፍራለሁ። መሐንዲስ ሁልጊዜ ጥፋቱን ከራሱ መሣሪያ ወዲያ ማዶ ይፈልጋል። እርስዋ ግን ሁለተኛው እስኪያርፍ ጠበቀችና እርሱም 200 ጫማ ከመሬት በታች ሲገባ እንደገና ጠራችኝ፤ በዚህ ጊዜ አልጠየቀችኝም፣ «ኪው ኤን ኤቹን አንብብልኝ» ብቻ አለችኝ። በስልክ የሚቲዎሮሎጂውን ተረኛ ስጠይቅ 1028 አለኝ። አርባ ደቂቃ አልፎ ነበር።

አብራሪዎቹ ትክክለኛውን 1028 በሬዲዮ ይዘው ስለ ነበር ምንም አልደረሰም። ስክሪኑም አውሮፕላኖቹን ከእውነቱ ዝቅ አድርጎ ነበር ያሳየው፤ ወደ ተራራ መቅረብን የሚያስጠነቅቀው ደወል በዚህ ጊዜ ቢሳሳት ያለ ጊዜው ይጮኻል እንጂ ዝም አይልም። ነገር ግን ያን ሌሊት 1028ን 1038 ብዬ አንብቤ ቢሆን ኖሮስ? ስክሪኑ ሁሉንም 270 ጫማ ከፍ አድርጎ ያሳይ ነበር። ደወሉም መጮኽ ሲገባው ዝም ይል ነበር። የእጄ ስሕተት በየትኛው ወገን እንደምትወድቅ የመረጥሁት እኔ አይደለሁም።

ይህን የመሰለ ነገር በሌላው ዓለምም ደርሷል፤ ያውም በከፋ ሁኔታ። ግንቦት 15 ቀን 2014 ዓ.ም. ከስቶክሆልም የተነሣ ኤርባስ ኤ320 አውሮፕላን 172 መንገደኞችን ይዞ ወደ ፓሪስ ሻርል ደ ጎል ይወርድ ነበር። የዕለቱ ኪው ኤን ኤች 1001 ሲሆን ከተቆጣጣሪው የተሰጠው 1011 ነበር። አብራሪዎቹ የተነገራቸውን 1011 ደግመው አነበቡ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ደግሞ ማንበብ የሚያረጋግጠው ሰሚው የሰማው ተናጋሪው የተናገረውን መሆኑን ነው፤ ተናጋሪው እውነቱን መናገሩን አያረጋግጥም። በ10 ሄክቶፓስካል ስሕተት አውሮፕላኑ መለኪያው ከሚያሳየው 280 ጫማ ያህል ዝቅ ብሎ በዝናብና በደመና ውስጥ ወረደ። የአቀራረቡ ዘዴ መንደርደሪያው ላይ ከተተከለ የሬዲዮ ጨረር ጋር የተያያዘ ሳይሆን የቁመቱን መሥመር ከዚሁ ከግፊት መለኪያ የሚያሰላ ስለ ነበር፣ ስሕተቱ መሥመሩን ይዞት ወረደ። አብራሪዎቹ መንደርደሪያውን ስላላዩ ሽቅብ ተመለሱ። በዚያን ጊዜ በሬዲዮ ከፍታ መለኪያው የተመዘገበው ዝቅተኛ ቁመት 6 ጫማ ነበር፤ ሁለት ሜትር አይሞላም፤ መንደርደሪያው ገና 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። በመሬት ያለው ደወል ጮኾ ነበር። ሁለተኛውንም ሙከራ በዚያው በተሳሳተው ቁጥር አድርገው፣ በዚህ ጊዜ ግን መንደርደሪያውን አይተው በደኅና አርፈዋል።

የመለኪያ አሃድም የራሱ ወጥመድ አለው። አየር መንገዳችን እ.ኤ.አ. በ1945 በአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. እገዛ ሲቋቋም የአሜሪካ ሥራ በሆኑት ሲ-47 አውሮፕላኖች ነበር የጀመረው፤ አሜሪካኖች ደግሞ ግፊትን እስከ ዛሬ የሚናገሩት በሜርኩሪ ኢንች ነው። የእነርሱ መደበኛ ቁጥር 29.92 ነው፤ በልማድ የመጀመሪያዋን 2 ትተው «ዘጠኝ ዘጠኝ ሁለት» የሚሉ አሉ። በሄክቶፓስካል 992 ማለት ግን 29.29 ኢንች ነው። ሁለቱን ያምታታ ሰው 600 ጫማ ሊጠጋ በሚችል ስሕተት ውስጥ ይገባል። በቦሌ ኪው ኤን ኤች እንዲህ ዝቅ ስለማይል ይህ አያሰጋንም፤ ወደ ሌላ አገር ለሚበሩት ልጆቻችን ግን ያሰጋል።

ወጣት ባልደረቦቼ «በሳተላይት ከፍታን በቀጥታ ማወቅ ሲቻል በዚህ በፓስካል ዘመን ቱቦ ለምን እንንገላታለን?» ብለው ይጠይቁኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አዲሶቹ ትራንስፖንደሮች የሳተላይቱንም ቁመት አብረው ይልካሉ፤ በእኛ ሞቃት ሰማይ በ35,000 ጫማ ደረጃ ላይ የሚበር አውሮፕላን በሳተላይቱ ሲለካ ከ1,000 ጫማ በላይ ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል። ታዲያ ግማሹ በግፊት፣ ግማሹ በሳተላይት ቢበርስ? ከመስከረም 15 ቀን 2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአፍሪካ ሰማይ በ29,000ና በ41,000 መካከል አውሮፕላኖች በ1,000 ጫማ ልዩነት ብቻ ይተላለፋሉ። አንዱ በክንድ፣ ሌላው በሜትር ለክተው አንድ ቤት ሊሠሩ አይችሉም። የሳተላይቱም ምልክት በአንዳንድ የዓለም ክፍሎች ሆን ተብሎ የሚረበሽበት ዘመን ላይ ነን። እኔ በበኩሌ ሳተላይቱን እንደ ምስክር እጠራዋለሁ፤ ዳኛ አላደርገውም። በስክሪኑ ላይ የሁለቱ ልዩነት ድንገት ሲለወጥ የሚናገር ትንሽ ፕሮግራም ቢኖረን፣ የፓሪሱን ዓይነት ባይይዝም የእኔን የዚያን ሌሊት ስሕተት ይዞ ያስጠነቅቅ ነበር ብዬ አምናለሁ። ይህን ለመሥራት ፈቃደኛ የሆነ ወጣት ካለ ከንግግሩ በኋላ ያነጋግረኝ።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ በእኛ ክፍል የተለወጠው ነገር ቀላል ነው። ግፊት በእጅ ሲገባ ሁለተኛ ሰው ከምንጩ፣ ከሚቲዎሮሎጂው እንጂ ከእኔ ወረቀት ሳይሆን፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። የሚያርፈው የመጀመሪያው አውሮፕላን በመንደርደሪያው ጫፍ ላይ ያሳየው ከፍታ በመዝገብ ይጻፋል፤ መንደርደሪያው የማይዋሽ ሜትራችን ነውና። ይህንን ሁለተኛውን ያስተማረችን ያቺ ተቆጣጣሪ ናት። በመጀመሪያው ላይ አንዳንድ አዛውንት ባልደረቦች ቅር ብሏቸው ነበር፤ እንደ ተማሪ ጮኸን እናንብብ ወይ ብለው። አሁን ለምደውታል።

አሁን 10 ሰዓት ሊሆን ነው። በሞቃት አገሮች ሰማይ ግፊቱ በቀን ሁለት ጊዜ እንደ ባሕር ሞገድ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ጧትና ማታ በ4 ሰዓት አካባቢ ይሞላል፣ በ10 ሰዓት አካባቢ ይጎድላል። መጠኑ 3 ሄክቶፓስካል ያህል ነው። በዚህ በጎረቤላ ከፍታ 1 ሄክቶፓስካል ወደ 11 ሜትር ስለሚጠጋ፣ ግምቴ ትክክል ከሆነ ይህ ጠረጴዛ ከጧት ወዲህ 30 ሜትር ያህል ሽቅብ ወጥቷል። ጠባቂያችን፣ እባክዎ መነጽርዎን ያድርጉና መርፌዋን ያንብቡልን።

(ጠባቂው ተነሥተው፦ «ሃያ ስምንት ሜትር» አሉ።)